የመኪናን ፓራውልት ሳይጎዱ የፊት ታርጋ ስለ መግጠም

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ዘወትር ስለ ወጥ ቤት፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ልብስ አጠባበቅ እንጽፋለን። መኪናም ዛሬ ከቤት ንብረት አንዱ ሆኖአልና ስለ እርሱ ጥቂት ብንናገር ክቡራን አንባቢዎቻችን ከመንገዳችን ወጣን እንደማይሉን እናምናለን። የዛሬው ነገራችን በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚኖሩትን ወገኖቻችንን በተለይ የሚመለከት ነው። ይኸውም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ስለሚገጥማቸው ስለ ፊት ታርጋ ነው።

በዚያ አገር እያንዳንዱ ግዛት ስለ መኪና የራሱን ሕግ ያወጣል። በጆርጂያ፥ በፍሎሪዳና በፔንሲልቬንያ መኪና ታርጋ የሚያደርገው ከኋላው ብቻ ነው። በቨርጂኒያ፥ በሜሪላንድ፥ በዋሽንግተን ዲሲ፥ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ግን ከፊትም ከኋላም እንዲሆን ታዝዞአል። ኦሃዮ ቀድሞ ሁለቱን ያዝዝ ነበር፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የፊቱን ትቶታል። እንግዲህ በአትላንታ ተቀምጦ የነበረ ቤተሰብ ለሥራ ወይም ለዘመድ ብሎ ወደ ቨርጂኒያ ሲሻገር፥ የመኪና ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ታርጋ ቈጥሮ ይሰጠዋል። የመኪናው ፓራውልት ግን ሲሠራ ጀምሮ ቀዳዳ ያልገባበት፥ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነው።

ከዚህ በኋላ በቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር ለማንም የተሰወረ አይደለም። አባወራው ትራፓኖ ይዞ ለመብሳት ይነሣል፤ እመቤቲቱ «የመኪናው ዕዳ እንኳ ገና ሳያልቅ!» ትላለች፤ ልጁ ደግሞ ታርጋውን ከፊት መስተዋቱ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል ይላል። ከሦስቱ በፍጹም የማንቀበለው የልጁን ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ታርጋው ከመኪናው ፊትና ኋላ እንዲታሰር፥ እንዳይወዛወዝና በግልጥ እንዲነበብ ያዝዛል፤ በመስተዋት ሥር የተቀመጠ ታርጋ የታሰረ አይደለም። ደግሞም መኪናው በድንገት ሲቆም ስለታም የሆነ ቆርቆሮ በተሳፋሪው ፊት ላይ ሊወረወር ይችላል። በመኪናው እንጀራውን የሚያገኝ ሰው እንደሆነ፥ መኪናውን ባቆመበት ስፍራ ሁሉ የቅጣት ወረቀት እየተከመረበት የወር ገቢውን ይነካበታል።

የፊት ታርጋ ለከንቱ የታዘዘ አይደለም። መንገድ ሲሻገር ሰውን ገጭቶ የሚሸሽ መኪና ብዙ ጊዜ የሚታየው ከፊቱ ነው፤ ቍጥሩም ከፊቱ ከሌለ ምስክሩ የሚናገረው የመኪናውን ቀለም ብቻ ይሆናል። ታርጋ ማድረግ የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ሲሆን የፓሪስ ፖሊስ በ1893 ዓ.ም. አዘዘው። በአሜሪካ ኒውዮርክ በ1901 ዓ.ም. ባለመኪናዎቹ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ራሳቸው እያሠሩ እንዲያንጠለጥሉ አዘዘ፤ ማሳቹሴትስም በ1903 ዓ.ም. ከመንግሥት የሚሰጥ ታርጋ ማደል ጀመረ። የታርጋው ልክ በግዛቶቹ ሁሉ አንድ የሆነው ግን ቈይቶ በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ወርዱ 30 ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአውሮፓው ታርጋ 52 በ11 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ ለአውሮፓ ታርጋ የተዘጋጀ ስፍራ ለአሜሪካው አይመችም።

አሁን ወደ ፓራውልቱ እንመለስ። በቀድሞው ዘመን ፓራውልት በክሮም የተለበጠ ብረት ስለ ነበረ ቢበሱት ውሃ እየገባ ይዝግ ነበር። የዛሬው ግን ከላይ የሚታየው በቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ልብስ ነው፤ ከበስተኋላው ግጭትን የሚያበርድ አረፋ መሰል ነገር፥ ከዚያም ኋላ የብረት ወይም የአሉሚኒየም አግዳሚ አለ። ፕላስቲክ ቢበሱት አይዝግም፤ ይሁን እንጂ ቀዳዳው በደንብ እንዲጠፋ ሲፈለግ መድፈን፥ መፋቅና አብዛኛውን ጊዜም ፓራውልቱን ሙሉ በሙሉ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። መኪናው በኪራይ ውል የተያዘ እንደሆነ ደግሞ ሲመለስ በሚደረገው ምርመራ ቀዳዳው እንደ ጉዳት ሊቈጠር ይችላልና አስቀድሞ ውሉን ማንበብ ይገባል።

ከቀለም ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች በፊታቸው ራዳር ተተክሎላቸዋል፤ ስፍራው በአንዳንዱ ከሠሪው ዓርማ ኋላ፥ በሌላው ከታችኛው የአየር ማስገቢያ ወንፊት መካከል ነው። ይህ መሣሪያ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት እየለካ፥ በብዙዎቹም መኪናዎች አደጋ ሲደርስ ፍሬኑን በራሱ እንዲይዝ የሚረዳ ነው። የቆርቆሮ ታርጋ በፊቱ ከተጋረደ ራዳሩ ማየት አይችልም። ባለመኪናው ፓራውልቱን እጠብቃለሁ ሲል ድንገት ወደ መንገድ ለሮጠ ሕፃን የሚያገለግለውን ፍሬን አጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከማናቸውም ሥራ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ገልጦ የራዳሩንና በፓራውልቱ ላይ እንደ ትንሽ ቁልፍ ክብ ሆነው የሚታዩትን የማቆሚያ መርጃዎች ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ያለዚህ የታርጋ መያዣ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ነገር ፋብሪካው ያዘጋጀው መያዣ መኖሩን መጠየቅ ነው። ታርጋ ከኋላ ብቻ በሚደረግበት ግዛት የተሸጠ መኪና ብዙ ጊዜ መያዣው አይገጠምለትም፤ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚገኝበት ጊዜ ግን አለ። ከሌለም መኪናውን የሚሸጠው ቤት ያስመጣል። በብዙ ፓራውልቶች ላይ ሠሪው ቡሎን የሚገባበትን ስፍራ በትንሽ ጐድጓዳ ነጥብ ምልክት ያደርግበታል። አንዳንዱም መያዣ ያለ ቀዳዳ በወንፊቱ ላይ ተነክሶ የሚቆም ነው።

ቀዳዳን ፈጽሞ ለማይወድ ሰው ከሁሉ የምንመርጠው በመጎተቻው ቀዳዳ የሚገባውን መያዣ ነው። በፓራውልቱ በአንዱ ጎን ትንሽ ክዳን አለች፤ መኪና ሲበላሽ የመጎተቻው ቀለበት የሚጠመዘዝባት ስፍራ ናት። ክዳኒቱን በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ አንሥቶ ማውጣት ነው፤ ያልተጠቀለለ ብረት ቀለሙን ይልጠዋል። በውስጡ ካለው ጥርስ ላይ የመያዣው ዘንግ ይጠመዘዛል፥ ታርጋውም በዘንጉ ጫፍ ላይ ይታሰራል። የጥርሱ ልክ በየመኪናው ስለሚለያይ ሲገዙ የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት መናገር ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የቮልስዋገንና የአውዲ መኪናዎች ጥርሱ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በጉልበት ወደ ቀኝ ሲያዞር ጥርሱን ሊያበላሽ ይችላል። መኪናው ከተነዳ ከጥቂት ቀን በኋላ ዳዶው እንዳልላላ መመርመርና ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ታርጋው ወደ አንድ ጎን መሆኑና መኪናው መጎተት ቢያስፈልገው አስቀድሞ መነቀሉ ነው። ዐይን የለመደው መካከሉን ስለ ሆነ አንዳንድ ሰው መልኩን አይወደውም፤ እኛ ግን ከማይጠፋ ቀዳዳ ይሻላል እንላለን።

የመጎተቻ ቀዳዳ የማይመች ከሆነ በታችኛው ወንፊት ክፍተት ገብተው በጎማ በተለበሱ ጥርሶች ወንፊቱን የሚይዙ መያዣዎች አሉ። በዚህ ጊዜ ታርጋው ራዲያተሩ የሚተነፍስበትን ስፍራ በሰፊው እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ነው።

በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ጠንካራ ቴፕ መያዣውን በፓራውልቱ ላይ መለጠፍም ይቻላል። ብዙዎች «ወደቀብን» ብለው ይህን ዘዴ ያማርራሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቴፑ ሳይሆን የአለጣጠፉ ነው። ስፍራው በሳሙና ከታጠበ በኋላ በአልኮል ተወልውሎ ሰም የሌለበት መሆን አለበት። አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነበት የክረምት ቀን አይለጠፍ፤ ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። በእጅ መዳፍ በኀይል ተጭኖ ከተለጠፈም በኋላ ቴፑ ኀይሉን የሚፈጽመው በ72 ሰዓት ስለ ሆነ፥ እስከዚያው መኪናውን ማጠብም ታርጋውን መነካካትም አይገባም። ፓራውልቱ በቅርቡ የተቀባ እንደሆነ ቀለሙ እስኪጠና ድረስ መታገሥ ነው፤ አለዚያ ቴፑ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ለማንሣት ሲፈለግ የጠጉር ማድረቂያ ወስዶ (እመቤቲቱን አስፈቅዶ) ስፍራውን ማሞቅና በዓሣ ማጥመጃ ክር ከበስተኋላው ወዲያና ወዲህ እየጐተቱ መቁረጥ እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ካልሆነና መብሳት ግድ ከሆነ፥ ሠሪው ምልክት ካደረገበት ስፍራ ውጭ አይበሳ። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በላዩ የወረቀት ቴፕ ለጥፎ መጀመሪያ በቀጭን መብሻ መጀመር ነው። ከኋላ የራዳር ሽቦ ወይም የመብራት ገመድ ሊኖር ስለሚችል መብሻው ፕላስቲኩን እንዳለፈ ወዲያው መቆም አለበት። ቡሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ከቡሎኑ ራስ በታች የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባበት።

በየትኛውም ዘዴ ቢገጠም የቆርቆሮው ጠርዝ ፓራውልቱን መንካት የለበትም። መንገዱ ባንቀጠቀጠው ቍጥር እንደ ሞረድ እየፋቀ ቀለሙን ይጨርሰዋል፤ በአራቱ ማዕዘን ከበስተኋላው ትንንሽ የስፖንጅ ቍራጭ ቢለጠፍ ግን ይህ ይቀራል። በብሩሽ መኪና የሚታጠብበት ቤት ሲገባ በመጎተቻ ቀዳዳ የተተከለውን ታርጋ ብሩሹ ሊያጣምመው ስለሚችል በእጅ ማሳጠብ ይሻላል። ከመጎተቻው ቀዳዳ የተነሣችውን ክዳን ደግሞ በመኪናው ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው፤ ቀለሟ ከመኪናው ጋራ አንድ ስለ ሆነ ብትጠፋ ሌላ ገዝቶ ማስቀባት ያስፈልጋል።