የውስጥ ጠባሳና የሐኪም እጅ

እንደሚታወቀው፥ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። ዛሬ ለማንኛውም ሕመምተኛ ጠቅላላ ሕክምና ይሰጣል። ሆኖም የሥጋ ደዌ ሕክምና ለኦፕራሲዮን ሁሉ የሚሆን አንድ ትምህርት አለው። ነርቩ ተጎድቶ ጣቶቹ ለታጠፉበት ሰው ጤናማ ጅማት ተዛውሮ ይሰፋለታል። ጅማቱ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋራ ከተጣበቀ ግን ጣቱ እንደ ልብ አይታዘዝም። ስለዚህ እጁ ለጥቂት ሳምንታት ታስሮ ከተፈታ በኋላ፥ በባለሙያ እየተመራ ጣቶቹን ማለማመድ አለበት።

ይኸው መጣበቅ በሆድ ዕቃም ይደርሳል። በኦፕራሲዮን ጊዜ የተጎዳው ስስ ሽፋን ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ሰውነት ይህን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካላሟሟው ወደ ጠባሳ ተለውጦ አንጀትን ከአንጀት፥ ማሕፀንን ከሽንት ፊኛ ያጣብቃል። ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የአንዳንዱ አንጀት ግን ከዓመታት በኋላ ይታነቃል፤ አንዳንዲቱም መፅነስ ይሳናታል።

ነገሩ እኛን ስለ ምን ያሳስበናል? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ሕፃናት በመላው አገር ከመቶ 2 ያህል ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከመቶ 21 ያህል ነበሩ። ኦፕራሲዮን ሕይወት ያድናል፤ ሲበዛ ግን የውስጥ ጠባሳውም አብሮ ይበዛል።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? የሆድ ዕቃን ለይቶ የሚያቆይ ስስ ልባስ በውጭ አገር ተሠርቷል፤ ነገር ግን ውድ ነው፥ መጣበቅንም ፈጽሞ አያስቀርም። ከዚያ የሚቀድመው የሐኪሙ እጅ ነው፤ ይኸውም ሥጋን በእርጋታ መያዝ፥ እንዳይደርቅ ማርጠብ፥ የሚደማውን በሚገባ ማቆም፥ ዱቄት የሌለበት ጓንት ማድረግ ነው። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ዱቄት ያለበትን የሐኪም ጓንት ስትከለክል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መጣበቅ ነበር። ለሆስፒታሎች ጓንት የሚገዙ ሁሉ ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ሕመምተኛውም ድርሻ አለው። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ይጠብቅ። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሆዱን ቢቆርጠውና ቢነፋው፥ ቢያስመልሰው፥ ሰገራና አየር ቢከለክለው፥ «ያልፋል» ብሎ አይዘግይ፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ሄዶ የቀድሞ ኦፕራሲዮኑን ይናገር። የታነቀ አንጀት ቀጠሮ አይጠብቅምና።