ብድር ያልመለሰ ሁሉ አታላይ አይደለም

ደባርቅ ላይ ገንዘቡ የቀረበት አበዳሪ መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ተመላልሶ አልሆን ሲለው፣ ቀጣዩ በር ፍርድ ቤት መሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ይሆናል። «አታሎኛል፣ ይታሰርልኝ» ይባላል። ይህ ልማድ ከባድ በደል እያስከተለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይ የሚለው፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ ሐሰት በመናገር፣ ያልሆነውን ነኝ በማለት ወይም መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ሌላው ሰው የራሱን ንብረት የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ የገፋፋውን ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ መርማሪው ማየት ያለበት ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበትን ቀን ነው። የዳባቱ ነጋዴ ገብስና ባቄላ ሰብስቤ ጎንደር አስረክባለሁ ብሎ ተበድሮ፣ እህሉንም ገዝቶ፣ ዋጋ ወርዶበት ወይም መንገድ ተዘግቶበት ከከሰረ ባለዕዳ ነው። የሌለውን መጋዘን አለኝ ብሎ፣ ቀድሞ የሸጠውን መኪና መያዣ አድርጎ ከወሰደ ግን ወንጀሉን የሠራው ያኔውኑ ነው፤ በኋላ ግማሹን መመለሱ ነጻ አያወጣውም።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለምንኖር ይህ ልዩነት የኑሮ ጉዳይ ነው። ለበቅሎ፣ ለድንኳን፣ ለመኪና፣ ለመኝታ ቤት ማሠሪያ የተበደረው ሁሉ ተስፋው ጎብኚ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ያን ጊዜ መክፈል ያቃተው ሰው ሲበደር የተናገረው እውነት ነበር። እሱን ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ክፍል ማሰር ግፍ ነው።

ሰው ለምን ወደ ፖሊስ ይሮጣል? አንዱ ምክንያት ማስረጃ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። 500 ብር ዛሬ ዶሮ እንኳ አይገዛም! በቃል አምኖ 200,000 ብር የሰጠ ሰው ምስክር ቢደረድርም ለብድሩ ማስረጃ አይሆኑለትም። በወንጀል መዝገብ ግን ምስክር ይሰማለታል፤ ስለዚህ ብድሩን ማታለል ብሎ ይሰይመዋል። በቅርቡ አንድ የዳባት እህል ነጋዴ ውሉን አውጥቶ አሳየኝ፦ ከደብተር የተቀደደ ገጽ፣ ገንዘቡ በፊደልም በአኃዝም ተጽፎ፣ መመለሻው ቀን ተቆርጦ፣ ከግርጌው የሦስት ምስክሮች ፊርማና የተበዳሪው የአውራ ጣት ሰማያዊ አሻራ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ፖሊስ ደጅ ምን ያስጠናዋል?

አያቶቻችን ባለዕዳን ከአበዳሪው ጋር ቁራኛ ያስሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ያለውን ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። በሕንድም ክርክሩ ይኸው ነው፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማታለል ሐሳቡ ከመነሻው መኖር አለበት፣ ቃልን በኋላ አለመጠበቅ ብቻውን ወንጀል አይሆንም እያለ ደጋግሞ ወስኗል።

ከሁሉ የከፋብኝ የዋስትና ቼክ ነው። ተበዳሪው ቀን ሳይጽፍ ይፈርምና ይሰጣል፤ አበዳሪውም ሒሳቡ ባዶ መሆኑን እያወቀ በኪሱ ያስቀምጠዋል። ቼክ ግን በንግድ ሕጋችን እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በአንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል፤ ከማታለሉ እጥፍ መሆኑ ነው። አበዳሪው ቀኑን ሞልቶ ባንክ ያቀረበ ዕለት፣ ትናንት ተራ ባለዕዳ የነበረው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ያድራል። እንዲህ ያለ ቼክ በእጃችሁ ያለ አበዳሪዎች፣ ተበዳሪውን ጠርታችሁ በምስክር ፊት ውል ተዋዋሉና ቼኩን መልሱለት።