ሬይኪ፦ ያቀለላችሁ እጁ ነው ወይስ እረፍቱ?

በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ እህቶችና ወንድሞች «ለወገብ ሕመምና ለጭንቀት ሬይኪ ሞክሩ» የሚል ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ሬይኪ ጃፓናዊው ሚካዎ ኡሱዊ በ1922 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ነው። ባለሙያው እጁን በታካሚው አካል ላይ ያሳርፋል፤ «የሕይወት ኃይል» በእጁ ይተላለፋል ይባላል።

ይህ ኃይል ግን በመሣሪያ ተለክቶ አያውቅም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሬይኪን በሚመስል ሌላ ዘዴ የሚያክሙ 21 ሰዎችን ፈትኗል። ሳያዩ፣ የሌላ ሰው እጅ ከየትኛው እጃቸው አጠገብ እንዳለ ተጠየቁ። ከ280 ሙከራዎች የተሳካላቸው በ123ቱ ብቻ ነው። በግምት እንኳ ግማሹ ይገኝ ነበር!

«እኔን ግን ቀለል ብሎኛል» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ጸጥ ባለ ክፍል መጋደምና የሚያስብላችሁን ሰው ማግኘት ትንፋሽን ያረጋጋል፤ የተወጠረ ጡንቻን ያላላል። ይህን ግን ያለ ክፍያም ታገኙታላችሁ፦ ከሶላት በኋላ ሳትቸኩሉ ዚክር አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ በእግር ተጓዙ፣ የልባችሁን ለምታምኑት ሰው አካፍሉ።

ሺፋው ከአላህ ነው፤ ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል። በሬይኪ ስለሚሠራባቸው ምስጢራዊ ምልክቶች ዓሊሞችን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ካለ ቀጠሮው ከሐኪም ጋር ይሁን። የታዘዘላችሁንም መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

አላህ ዓፊያውን ይስጠን!