ድርጭቷ አልሰነፈችም፤ ውሸቱ የሻጩ ነው

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ድርጭት ነው የምጽፈው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጥሪትና የሰው ስም አለበት።

እኛ ሰፈር፣ ደብረ ብርሃን፣ አንድ እናት አሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ጉልት ቁጭ ብለው ሽንኩርትና ቃሪያ ይቸረችራሉ። አምና እቁብ ሲደርሳቸው በግ ልግዛ ወይስ ምን ልግዛ ሲሉ ከረሙና አንድ ሰውዬ መጥቶ ድርጭት እንዲገዙ አሳመናቸው። 20 ገዙ፤ 15 ሴት፣ 5 ወንድ። ሰውዬው «እማማ፣ ይቺ የወርቅ ወፍ ናት። በሁለት ወሯ እንቁላል ትጥላለች፣ ራሷን በራሷ ታባዛለች፣ የእርስዎ ሥራ መቁጠር ብቻ ነው» አላቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! ግን ስለ ድርጭት ምንም አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ አንዱ ነገር ያ ዝምታዬ ነው።

እትዬ ሞኝ አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን የሀበሻ ዶሮ አርብተዋል። «ትባዛለች» ሲባሉ የገባቸው እንደ ዶሮዋ ነው፤ ጥላ፣ ጥላ፣ ከዚያ ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች፣ በ21 ቀን ጫጩት አስከትላ ትወጣለች። ስለዚህ ጭድ ጎዝጉዘው ቅርጫት አዘጋጁ። ድርጭቶቹ መጣሉን ጣሉ። ግን አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ አንዱን ውሃ መጠጫው ሥር። ጥለው ዞር ነው፤ ተመልሰው የሚያዩትም የለም፣ እንዲያውም ይረግጡታል። ሃያ ቀን ጠበቁ። ወር ጠበቁ። አንዷም አልተቀመጠችም። ለጫጩት ይሆናል ተብሎ ሳይሸጥና ሳይበላ የከረመው እንቁላል ተበላሸ።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። ባልየው «ድሮስ እጅሽ መች ይባርካል» አሉ። ጎረቤት «ዓይን በልቷቸው ነው» አለ። ሻጩ ሲደወልለት ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያያዝ አላወቁበትም፤ ቫይታሚን ያስፈልጋቸዋል።» ቫይታሚኑንም ራሱ ሸጠላቸው!

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ባለ ዲፕሎማ መምህር ነኝ። ይህን ለማወቅ ግን ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

እውነቱ ይኸውና። ቤት ውስጥ የምትረባዋ ድርጭት የጃፓን ድርጭት የምትባለው ናት። ገበሬ ስንዴ ሲያጭድ ከእግሩ ሥር ቱር ብላ ከምትነሳው የሜዳ ድርጭት ጋር ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የሜዳዋ ሣር ውስጥ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ፣ እንቁላሏን እዚያ አጠራቅማ፣ ያለ ወንዱ እርዳታ ለብቻዋ ታቅፋ ትፈለፍላለች። የጃፓኗን ግን ሰው ከጥንት ጀምሮ ለወንዱ ድምፅ ሲል፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ለእንቁላልና ለሥጋ ሲል አራባት። አርቢ የሚፈልገው እንቁላል ነው። ታቅፋ የተቀመጠች ወፍ ደግሞ መጣል ታቆማለች፤ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ከፍ ሲል እንቁላል የማምረቱ ሥራ ይዘጋል። ስለዚህ ለዘር የምትቀረው ሳትቀመጥ የምትጥለዋ ሆነች። እንቁላሏን ማሽን ፈለፈለው። የልጇንም፣ የልጅ ልጇንም እንደዚሁ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ለፈተና የምንሸመድደው የዘር ምርጫ ማለት በአማርኛ ይኼ ነው፤ የምትታቀፈዋን ትተህ የማትታቀፈዋን ብቻ ስታራባ ኖረህ፣ በመጨረሻ መታቀፍ የረሳች ወፍ ታገኛለህ።

እንግዲህ ድርጭቷ አልታመመችም፣ አልሰነፈችም፣ ዓይን አልበላትም። ሰው እንዳደረጋት ሆነች። የትኛውም ቫይታሚን ይህን አይመልስም።

«የእኔ ድርጭት ግን ታቅፋ ፈልፍላለች» የሚል አይጠፋም። አምነዋለሁ። ጠባዩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ተዳክሞ ነው። የሽቦ ወለል ሳይሆን መሬት ያገኘች፣ ረዘም ያለ ሣር ወይም ጭድ ያለበት መደበቂያ ጥግ የተሰጣት፣ ወዲያ ወዲህ የሚል የማይረብሻት ድርጭት አልፎ አልፎ እንቁላሏን አንድ ቦታ ሰብስባ ትቀመጣለች። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን አንድ ተማሪ ሳያጠና 90 ቢያመጣ እኔ ለቀሩት ሃምሳ ልጆች «አታጥኑ» ብዬ ላስተምር ነው? አልፎ አልፎ በሚሆን ነገር ላይ የእቁብ ብር አይጣልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እናትየው ካልታቀፈች የእናትን ሥራ አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ መሥራት አለበት። ማን ነው የሚሠራው? ገዢው ነዋ!

መፈልፈያ ማሽን ያስፈልጋል። ከ37 ዲግሪ ተኩል ብዙ ሳይወጣና ሳይወርድ ለ17 ወይም 18 ቀን መቆየት አለበት። በቀን ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ማገላበጥ አለ። መብራት ሲጠፋስ? መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ያላችሁ እጃችሁን አውጡ! በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጥ ያለው ፅንስ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ የሚፈለፈለውም ቁጥር ይቀንሳል። ቆላ ያለ ሰው ያገኘውን ውጤት እዚህ እጠብቃለሁ ማለት አይሆንም።

ከተፈለፈለ በኋላም አላበቃም። ጫጩቷ ከአሥር ግራም በታች ናት፤ አውራ ጣት የምታህል ነገር። ለመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ትፈልጋለች። በእኛ ብርድ ያውም በጥቅምት ሌሊት! ውሃ መጠጫው ውስጥ ጠጠር ካልጨመራችሁበት ገብታ ትሰምጣለች። ዶሮ ብትሆን ይህን ሁሉ በክንፏ ነበር የምትሠራው፤ ያውም ያለ ቆጣሪ።

«በዓመት 300 እንቁላል» የሚለውን ማስታወቂያም ታውቁታላችሁ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የተገኘው በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን እየተሰጣት፣ ጥሩ መኖ እየበላች ነው። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቀሪውን አምፖል ነው የሚሞላው። አምፖሉን ማን ይከፍላል? አሁንም ገዢው።

ሻጮቹ «አንተ ሰው፣ ወጣቱ ሥራ ቢፈጥር ምን አቃጠለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ድርጭት አትርባ አላልኩም። ትንሽ ቦታ ይበቃታል፣ በስድስት በስምንት ሳምንቷ መጣል ትጀምራለች፣ እንቁላሏም ይጣፍጣል። ለእንቁላል ሽጧት! «እማማ፣ ይቺ አትታቀፍም፤ እንቁላሏን ይብሉ ወይም ይሽጡ፣ መተካት ሲፈልጉ ማሽን ካለው ሰው ጫጩት ይግዙ» ማለት ምላስ ያቆስላል? ገበያ ይቀንስ ይሆናል። ይቀንሳ! ደሃ ባለማወቁ የሚደራ ገበያ ሥራ ፈጠራ አይባልም። አያቶቻችን «ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት» ያሉት ለዚህ ነው።

ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሱ አሉ፤ «እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት ነው» እያሉ። ያ ከሰማይ በነፋስ የመጣው የሜዳው ድርጭት ነው፤ በቅርጫት የተሸጠው አይደለም። ለነገሩ ዘጸአት 16ን ያነበበ ሰው ዘኁልቁ 11ንም ያንብብ። በስስት የሰበሰቡት ምን እንደደረሰባቸው እዚያ ተጽፏል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጎረቤታችን ኬንያ በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 በድርጭት አብዳ ነበር። እንቁላሉ መድኃኒት ነው ተባለ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ሁሉም ገዝቶ ማርባት ጀመረ። ከዚያ ሻጭ በዛ፣ ገዢ ጠፋ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ሰው ድርጭቱን ታቅፎ ቀረ። አዎ፣ በመጨረሻ የታቀፈው ሰውዬው ነው!

አሁን ደግሞ ራሳችንን ልውቀስ። የሀበሻ ዶሮ ልታቀፍ ብላ ስትቀመጥ ምን እናደርጋታለን? «እንቁላል አቋረጠች» ብለን እግሯን አስረን ቁልቁል እንሰቅላታለን። በአፍንጫዋ ላባ እንሰካለን። እንድትረሳው ጎረቤት እንወስዳታለን። ለእንቁላል የምትፈለግ ከሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን መብራት የማትጠይቅ፣ ሙቀቱን ራሷ የምትለካ፣ እንቁላሉን ራሷ የምታገላብጥ፣ ጫጩቱን ከጭልፊት የምትጠብቅ ማሽን ቤታችን እያለች እሷን ቁልቁል ሰቅለን የቻይና ማሽን ፍለጋ በብድር እንሮጣለን። የጃፓን ድርጭት የደረሰባትን እኛም በገዛ ዶሯችን ላይ እየጀመርነው ነው። የምትታቀፈዋን እየጠላን፣ የማትታቀፈዋን እየገዛን ከሄድን የልጅ ልጆቻችን «ዶሮ ድሮ ትታቀፍ ነበር አሉ» ይላሉ።

ለእትዬ ያደረግነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከጎረቤት አንዲት ቀለል ያለች ልትታቀፍ የተቀመጠች የሀበሻ ዶሮ ተውሰን 12 የድርጭት እንቁላል አስታቀፍናት። ከባድ ዶሮ አይሆንም፤ የድርጭት እንቁላል 10 ግራም ገደማ ነው፣ ቅርፊቱም ስስ ስለሆነ ትሰብረዋለች። ከዶሮ እንቁላል ጋርም አትቀላቅሉት፤ የድርጭቱ በ17 በ18 ቀን ቀድሞ ይፈለፈልና ዶሮዋ ጫጩቶቿን ይዛ ስትነሳ የራሷ እንቁላል ሜዳ ላይ ይቀራል። ከ12ቱ 3 ተሰበሩ፣ 6 ተፈለፈሉ፣ 2 ተረግጠው ሞቱ፤ አራቱ አሁን አድገዋል። ትልቅ ድል አይደለም። ግን እትዬ ዶሮዋ ሥር የሚንጫጩትን ሲሰሙ ያሉት ነገር ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «እጄስ ደህና ነው ማለት ነዋ!»

አያችሁ? አንድ ዓመት ሙሉ የገዛ እጃቸውን ሲጠረጥሩ ነው የከረሙት። ብሩ ይቅር፤ ይህን ማን ይመልስላቸዋል?

ስለዚህ ድርጭት ልትገዙ የምትሄዱ፣ ብራችሁን ከመፍታታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ትታቀፋለች ወይ? ካልታቀፈች ማን፣ በምን ዋጋ ይፈለፍልልኛል? እንቁላሉንስ የሚገዛኝ ማን ነው? «ራሷን በራሷ ታባዛለች» ካላችሁ እግሬ አውጪኝ በሉ። የምትሸጡም እውነቱን ተናገሩና ሽጡ፤ እንጀራችሁን ማንም አይነካም።

«እጅሽ አይባርክም» ያላችኋት እናት፣ እህት ወይም ሚስት ካለች ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ። እኔ ዝም በማለቴ እትዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቡና አፍልተው ነው የሸኙኝ።