ስምን ከወገቡ ስለ መቁረጥ

በላንቻ የሚኖር ወጣት የሰፈሩን ስም በየቀኑ ይጠራዋል፤ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ላንቻ የሰው ስም ነው። ቪንቼንዞ ላንቻ የተባለ ኢጣልያዊ በ1899 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ የአውቶሞቢል ፋብሪካ አቋቋመ፤ የፋብሪካውም ስም ባሕር ተሻግሮ በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆነ። ሕዝባችን ይህን የባዕድ ቤተ ሰብ ስም ሲቀበል አልቆረጠውም፤ ባለቤቱ እንደሚጠራው አድርጎ ይዞታል። ታዲያ የሰፈር ሰው ለባዕድ ስም ያደረገውን ክብር፥ የተማሩት የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ለእኛና ለዐረቦች የሚነፍጉን ስለ ምንድን ነው?

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ከላንቻ ብዙ በማይርቀው በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በተፈረመበት ጉባኤ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል ዐብደል ናስር አብረው ተቀምጠው ነበር። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን አንደኛውን «ሥላሴ»፥ ሁለተኛውን «ናስር» ማለት ለምዷል። ኃይለ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ኃይል ማለት ነው፤ «ኃይል» ሲጣል የቀረው የሰው ስም ሳይሆን የአምላክ ስም ነው። ዐብደል ናስርም ድል የሚሰጥ አምላክ አገልጋይ ማለት ነው፤ የዐረቡ «ዐብድ» ከእኛው «ገብረ» ጋራ አንድ ፍች አለውና። ከዚህም በላይ ዐብደል ናስር የአባትየው ስም ነው፤ የልጁ ስም ጋማል ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ልጁን ትተው አባቱን ያዙ፤ ቀጥለውም ከአባቱ ስም ላይ አገልጋዩን ጥለው የጌታውን ስም ብቻ አስቀሩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን «ማርያም» ብለው የጻፉም አልጠፉም።

«የቋንቋው ጠባይ ነውና ምን ይደረግ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ምክንያት አይቆምም። ማክዶናልድ ማለት የዶናልድ ልጅ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንግሊዛዊ «ማክ» የሚለውን ጥሎ ሰውየውን «ዶናልድ» አይለውም። የፈረንሳዩን ደ ጎልንም «ጎል» ብሎ አይቆርጠውም። ለራሱና ለጎረቤቱ ስም ሲሆን መጠንቀቅን ያውቅበታል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የጎደለው ባለቤቱን «ስምህ እንዴት ይጠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ነገሩም የጨዋታ ነገር አይደለም። ባል፥ ሚስትና ልጅ በባዕድ አገር ድንበር ላይ ሲደርሱ፥ በሦስቱ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ ሦስት የተለያየ ስም ይገኛል። ስም ሁሉ የቤተ ሰብ ስም ለሚመስለው ሹም፥ እናት ለልጇ ባዳ ትመስለዋለች፤ እናትነቷንም በወረቀት እንድታስረዳ ትገደዳለች።

ይሁን እንጂ ወጣቶች ሆይ፥ ባዕዱን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን ያዘነብላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። የሮጠው አበበ ነው፤ ዓለም ያጨበጨበው ግን «ለቢቂላ» ነው። ኋላም አንድ የጫማ ፋብሪካ «ቢቂላ» የሚባል ጫማ ቢያወጣ ቤተ ሰቡ በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በጫማው የተጠራውም ከሯጩ ስም ይልቅ የአባቱ ስም ነበረ። ዛሬ ከእኛው መካከል ይህንኑ አጠራር ተከትሎ፥ በገዛ ቋንቋው ስለ አበበ ሲናገር «ቢቂላ» የሚል አለ። ደግሞ የገዛ ስሙን ወደ አንድ ፊደል አሳንሶ «አ. ከበደ» ብሎ በቢሮው በር ላይ የሚለጥፍ አለ። ራሱን በአንዲት ፊደል የሸሸገ ሰው፥ ሌላው ቢረሳው በምን አፉ ይወቅሳል?

በአበበ ድል ማግሥት፥ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በልማዱ ጸና፤ የራስን ስም አስቀድሞ የአባትን ማስከተሉን አልተወም። ሕግ ያልነቀለውን የባዕድ ጋዜጣ ሊነቅለው አይገባም። የአይስላንድ ሰዎችም እንደ እኛ በአባት ስም የሚከተሉ ናቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ሲሆን፥ የስልክ መዝገባቸውን እንኳ በራስ ስም ቅደም ተከተል ያዘጋጁ ነበር፤ የአገራቸውንም መሪ በራሱ ስም ይጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቴድሮስ አድኃኖምን በ2009 ዓ.ም. ዋና ዳይሬክተር አድርጎ ከመረጠ ወዲህ «ዶክተር ቴድሮስ» ይላቸዋል። እንግዲህ ከተፈለገ ይቻላል።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ባዕድ ሰው በአባትህ ስም ቢጠራህ፥ ሳትቆጣና ሳታፍር «የአባቴ ስም ነው፤ የእኔ ስም ይህ ነው» በለው። አንቺም በባልሽ ስም ብትጠሪ እንዲሁ አስረጂ። ስለ ዐረብም ስትጽፉ፥ ከእንግሊዝኛ ገልብጣችሁ «ናስር» አትበሉ፤ «ዐብደል ናስር» በሉ። አብዱራህማን የሚባለውን ጎረቤታችሁንም «ራህማን» ብላችሁ አታሳጥሩት፤ እርሱ አገልጋይ እንጂ አምላክ አይደለምና። ሰው ስሙ ሙሉ ሆኖ እንዲጠራለት የሚወድ፥ የሌላውን ስም ሙሉ አድርጎ ይጥራ።