ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ ግን የማያመሰኳ

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚበላውን እንስሳ ከማይበላው ሲለይ ሁለት ምልክት ይሰጣል። አንደኛው ሰኮናው የተሰነጠቀ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ማመስኳቱ። ሁለቱም በአንድነት መገኘት አለባቸው። በሬ፣ በግና ፍየል ሁለቱንም ያሟላሉ። ግመል ያመሰኳል፤ ነገር ግን በሕጉ መለኪያ ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ ስለዚህ አይበላም። አሳማ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ግን አያመሰኳም። እርሱም አይበላም።

ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። የግመል ጉድለት እግሩ ላይ ነው፤ ላየው ሁሉ ይታያል። የአሳማ ጉድለት ግን ውስጡ ነው። እግሩን ብቻ ያየ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ያልፋል። የጥንት አይሁድ መምህራን ይህን ሲተረጉሙ፣ አሳማ ሲተኛ ሰኮናውን ወደ ፊት ዘርግቶ ንጽሕናውን ያሳያል አሉ። ለእነርሱ የግብዝ ሰው ምሳሌ ነበር፤ የሚታየውን አሳምሮ የማይታየውን የተወ ሰው።

ይህ ምሳሌ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የአሳማ ሥጋን በመተው ረገድ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤልም አንድ ናቸው። በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ጾም ሲገባ ምግብ ቤት ተቀምጦ «ድስቱ ቅቤ ነክቶታል?» ብሎ አስተናጋጁን የሚመረምር ሰው ብዙ ነው። መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ለእምነቱ መጠንቀቁ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ከምሳ በኋላ ቢሮው ተመልሶ የባለጉዳዩን ፋይል መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «የሻይ» ሲጠብቅ፣ እጁ ምን እንደነካ የሚጠይቀው የለም። እርሱም ራሱን አይጠይቅም።

አማርኛ ግን ነገሩን ከጥንት ያውቀዋል። ጉቦ ይበላል። የሰው ሐቅ ይበላል። የዕቁብ ብር ይበላል። ቋንቋው በማዕድና በዝርፊያ መካከል ግድግዳ አላቆመም፤ ሁለቱንም በአንድ ግስ ይጠራቸዋል። እንዲህ ከሆነ «ንጹሕ ምግብ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ሊያበቃ አይችልም።

የኦሪቱን ሕግ በዚህ መንገድ ማንበብ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም ታሪክ የሚተርከው ጥንታዊው የአርስጥያስ ደብዳቤ የማይበሉትን ወፎች ሲያብራራ፣ እነዚህ በጉልበታቸው ደካማውን ነጥቀው የሚኖሩ ናቸው ይላል። ንስርና ጭልፊት የተከለከሉት ሰው ነጥቆ ከመብላት እንዲርቅ ነው ማለት ነው። የተሰነጠቀ ሰኮናን ደግሞ ክፉን ከደግ የመለየት ምልክት ያደርገዋል፤ ማመስኳትንም የማስታወስና የማሰላሰል።

ማመስኳት የዋጡትን መልሶ ማኘክ ነው። ዛሬ የጎደለው በተለይ ይህ ነው። አንድ ሰው ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት ስልኩ ላይ አንድ ወሬ ይደርሰዋል። የእገሌ ብሔር ሰዎች እንዲህ አደረጉ ይላል። ምንጭ የለውም፤ ፎቶው የየት እንደሆነ አይታወቅም። ሰውየው አላኘከውም፣ አላጣራውም፤ ወዲያው ለሦስት ግሩፕ ያስተላልፈዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ አሁን አፋፉ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። አገሪቱ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አላት። አዋጅ ግን የሚቀጣው የወጣውን ነው፤ ከመውጣቱ በፊት የሚያመሰኳው ሰውየው ብቻ ነው። ወንጌሉም ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው ሳይሆን ከአፉ የሚወጣው ነው ሲል የተናገረው ስለዚሁ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ ርኩስ የተባሉ እንስሳት የሞሉበት ራእይ ያያል፤ አርደህ ብላ ይባላል፤ እምቢ ይላል። ኋላ ቂሳርያ ሄዶ ከሮማዊው የመቶ አለቃ ከቆርኔሌዎስ ቤት ሲገባ የተረዳው ግን የሥጋ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ መጥራት እንደማይገባ ነበር። ራእዩን ያየው የት ሆኖ ነው? በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት። በኢትዮጵያ ፋቂ የሚለው ቃል ለስንት ዘመን ስድብ ሆኖ እንደኖረ፣ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ከማዕድ እንዴት እንደተገለሉ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት አያጣውም። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ከእርሳቸው በፊትም ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በግዕዝ ባስጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የኢየሱሳውያን ካህናት አይሁዳዊነት ነው ብለው ለከሰሷቸው መልስ ሰጥተዋል። አሳማ አለመብላት የአይሁድን ሕግ ለመጠበቅ እንዳልሆነ፣ የሚበላው እንደማይነቀፍ፣ የማይበላውም እንደማይገደድ አስረዱ። ልማዱን አልጣሉም፤ በልማዱ ግን ሌላውን አልለኩበትም።

እንግዲህ ሕጉ ሁሉ ምሳሌ ነው፣ ሥርዓቱ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ትንቢተ ዳንኤል የሚጀምረው አራት ወጣቶች የንጉሡን ማዕድ እምቢ በማለታቸው ነው። ከዚያው ቡድን ሦስቱ በኋላ ለወርቁ ምስል አልሰግድም አሉ፤ ዳንኤልም ጸሎትን የሚከለክለውን ትእዛዝ እምቢ አለ። ለትንሹ ሳህን እምቢ ማለት የለመደ አፍ፣ ለትልቁ ፖስታ እምቢ ለማለት ጉልበት አለው። ጾሙም የምግብ ሥርዓቱም የዚህ ልምምድ ናቸው። ልምምዱ የሚበላሸው ማሠልጠኑን ትቶ መታያ ሲሆን ነው፤ የራስን አፍ ለመጠበቅ የተሰጠው ሕግ የጎረቤትን ሳህን መሰለያ ሲሆን።

ስለዚህ ድስቱን የሚጠይቅ ሰው መጠየቁን አይተው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጨምርበት፦ ይህን እንጀራ የገዛው ገንዘብ የማን ነው? ዛሬ ከዚህ አፍ የወጣው ቃልስ የማንን ቤት አንኳኳ?