ቤት ስንከራይ ሶኬቱንም እንይ

ሞያሌ አንድ ከተማ ይመስላል እንጂ ሶኬቱ ሁለት ነው። በኛ በኩል ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ በኬንያ በኩል ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ። ስንሻገር ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ጉምሩኩና ስለ ምንዛሪው እናስባለን፤ ስለ ሶኬት የሚያስብ የለም። ስፒናው አልገባ ሲል በላይኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ ሰክተን መዝጊያውን እንከፍትና ሁለቱን ክብ እግሮች በግድ እንገፋለን። አላደረግነውም የምትሉ ካላችሁ ንገሩን።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ፣ ለአራት ሆነን አንድ ክፍል በተከራየን ጊዜ ምጣዳችንን ከአገር ቤት ይዘን ሄድን። ምጣዱ ላይ 3,500 ዋት ይላል። ለ240 ቮልት ሲካፈል ወደ 15 አምፔር ይመጣል፤ የዚያ አገር ሶኬት የተሠራው ግን ለ13 ነው። ከመካከላችን በንግድ ዲፕሎማ ያለን አለን፣ ማካፈል አይጠፋንም፤ ያኔ ግን አላካፈልንም። ሦስተኛውን ቀን እየጋገርን ሳለ የዓሣ ሽታ መጣ። ጎረቤት የምትጠብስ መስሎን ዝም አልን። ለካ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው፤ ቡኒ ሆኖ ቀልጧል።

አከራያችን ጥፋቱ የምጣዱ ነው አሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሹ የኛ ጥፋት ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከፍቶ ሲያየው ግን ሽቦው ከብሎኑ ላልቷል፣ የመሬቱ ሽቦ ደግሞ ከነጭራሹ አልተገናኘም። ከኛ በፊት በዚያ ክፍል የኖሩት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ።

ቤት ስናይ ውሃው ይመጣል ወይ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሶኬቱንም ማየት አለብን ባይ ነን። ዙሪያው ጠቁሯል? ስፒናው እየላላ ይወድቃል? ስልክ ብቻ ተሰክቶ ሽፋኑ ይሞቃል? ጥዝዝ የሚል ድምፅ አለው? ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ አለመጠቀም ነው፤ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጥፍቶ ሠራተኛ መጥራት። ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም።

ቴስተር ካቻቢቴ ያላችሁ፣ እጃችሁ ደረቅ ይሁን፣ ጫማም አድርጉ። በኬንያው ሶኬት ፊት ለፊት ስትቆሙ መብራት ያለበት በስተቀኝ ያለው ቀዳዳ ነው። ቴስተሩ በግራው ከበራ ሽቦው ተገላብጧል፤ ማጥፊያውን ብታጠፉትም ዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። በኛው ክብ ሶኬት መብራቱ በየትኛውም ወገን ቢሆን ችግር የለውም፤ በሁለቱም ከበራ ግን ሠራተኛ ይየው። የመሬት ሽቦ መኖር አለመኖሩን ቴስተር አይነግራችሁም። በጎን ያሉት ሁለት ብረቶች ስላሉም አትተማመኑ፣ ከኋላቸው ሽቦ ላይኖር ይችላል።

በጣም የሚያናድደን ደግሞ «ፍሪጁ ትንሽ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጊና ክፈቺው» የሚለው ምክር ነው። በየቤቱ ሰምተነዋል፣ እኛም ለሠራተኞቻችን ብለናል። ፍሪጅ የሚነዝረው ብዙውን ጊዜ ወደ መሬት መሄድ የነበረበት ኤሌክትሪክ መንገድ አጥቶ አካሉ ላይ ስለሚቀር ነው። ዛሬ የነዘረው ነገ እጁ እርጥብ የሆነ ልጅ ሲነካው ሊገድል ይችላል። ማስተካከያው ጫማ ሳይሆን ሽቦ ነው።

ሱቅ ያለንም ከወቀሳው አናመልጥም። የመሬት እግር የሌለውን ርካሽ ማከፋፈያ በካርቶን እያስመጣን የምንሸጠው እኛው ነን። ትርፉ ጥሩ ነው፣ አንዋሽም። እኛ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የመሬት እግርና ፊውዝ ያለውን ብቻ እናስመጣለን። ዋጋውን የሰማ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ዕቃውን መልሶ አስቀምጦ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።